የሐረር ጀጎል ሕንጻዎችና ስሞቻቸው፦ ከድንጋይ ላይ ታሪክን ስለ ማንበብ



 የዛሬውን ገለጻ ከአንድ አደባባይ እንድጀምር ፍቀዱልኝ። በሐረር ጀጎል መካከል ፈረስ መጋላ የሚባለው አደባባይ አለ። ስሙ እንደሚያመለክተው የፈረስ ገበያ ማለት ነው። በአደባባዩ መካከል የቆመ ሰው ዙሪያውን ሲመለከት ሁለት ነገሮች ወዲያው ዓይኑ ውስጥ ይገባሉ። አንደኛው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለተኛው በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት ሰማዕታት መታሰቢያ የቆመው ሐውልት ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት በዚያ ጦርነት ድል ያደረጉት ናቸው፤ ሐውልቱ የሚያስታውሰው ደግሞ በዚያው ጦርነት ድል የተነሡትን ነው። ሁለቱም የአንድ ቀን ውሎ ልጆች ሆነው ሳለ በአንድ አደባባይ ላይ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በዙሪያቸው የከተማው ሰው ጫቱንና ቡናውን ይሸጣል፣ ባጃጅ ይጠራል፣ ሰላምታ ይለዋወጣል።

ይህን አደባባይ በመግቢያነት የመረጥሁት ዛሬ ልከራከርበት የምሻውን ነጥብ ከእኔ ይልቅ አሳምሮ ስለሚናገር ነው። ነጥቡም ይህ ነው፦ በጀጎል ውስጥ አንድ ዘመን፣ አንድ ባለቤትና አንድ ስም ብቻ ያለው ታሪካዊ ሕንጻ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው። ስለሆነም ከብዙዎቹ ዘመናት አንዱን መርጦ ሌላውን የሚተው ጥበቃ፣ ሕንጻውን ቢያድነውም ታሪኩን ያጎድለዋል። ይህን ለማሳየት ስለ እያንዳንዱ ሕንጻ ሦስት ጥያቄዎችን አነሣለሁ። ማን ሠራው? ስም ያወጣለት ማን ነው? ዛሬስ ማን ይጠብቀዋል? የሦስቱ መልስ አንድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ እንደሌለ ስናይ፣ የቅርስ ጥበቃ ለምን የታሪክ ምሁር ሥራ ጭምር እንደሆነ ግልጽ ይሆንልናል። ለአቀራረብ እንዲመች «ዓ.ም.» ብዬ ካልጠቀስሁ በስተቀር ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

በቅድሚያ ወደ ግንቡ እንሂድ። የጀጎል ግንብ ርዝመቱ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሚከበው መሬት ስፋት 48 ሄክታር ያህል ነው። ያሠራው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐረርን ያስተዳድር የነበረው አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ እንደሆነ የጽሑፍም የቃልም ታሪክ ይስማማሉ። ለምን እንዳሠራው ለመረዳት ግን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በ1520 የአዳል ሱልጣን አቡበከር ኢብን ሙሐመድ መናገሻውን ወደ ሐረር አዛወረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከዚህችው ከተማ ተነሥቶ እስከ ሰሜኑ ደጋ ድረስ ዘመተ። በ1543 ኢማሙ በጦር ሜዳ ወደቀ። የኢማሙ የእኅት ልጅ የነበረው አሚር ኑር ሥልጣኑን ሲረከብ የተቀበላት ሐረር ወጣቶቿን በጦርነት የጨረሰች ከተማ ነበረች። ምንም እንኳ በ1559 ዐፄ ገላውዴዎስ ከኑር ጦር ጋር ሲዋጋ ቢሞትም፣ ይህ ድል ከተማዋን ከጭንቋ አላወጣትም። በዙሪያዋ የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ እየሰፋ ነበር፤ ረኀቡና ወረርሽኙም ተከታተለ። አሚሩ ራሱ ከዚያ ዘመን ወረርሽኝ አላመለጠም።

እንግዲህ ግንቡን ስንመለከት ብዙ ጊዜ የኃይል ምልክት አድርገን እንወስደዋለን። በእኔ አስተያየት ግን ግንቡ የድካም ጊዜ ሥራ ነው። ወደ ውጭ መዝመት ያቆመ መንግሥት የቀረውን ለማዳን የዘረጋው ክንድ ነው። ከዚህም ሌላ ግንቡ ከተማዋን አልመሠረታትም፤ አስቀድማ የነበረችውን ከበባት እንጂ። በዩኔስኮ መዝገብ እንደሰፈረው በጀጎል ውስጥ ካሉት 82 መስጊዶች ሦስቱ ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆዩ ናቸው። ይህ ማለት ግንቡ ሲገነባ እነዚህ መስጊዶች የብዙ መቶ ዓመታት ዕድሜ ነበራቸው ማለት ነው። የጠባቦቹ መንገዶች ጥምዝምዝነትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ አስቀድሞ በሰፈረ ሕዝብ ዙሪያ የተዘረጋ ቅጥር ቀጥ ያለ ጎዳና ሊያወጣ አይችልምና።

ግንቡ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። እዚህ ላይ ስሞቹን አንድ በአንድ ልጥቀስ። በሐረሪዎች ቋንቋ አርጎብ በሪ የሚባለው በአማርኛ ኤረር በር ነው። ሱቁጣጥ በሪ ሰንጋ በር ይባላል። በድሮ በሪ ቡዳ በር፣ አስመዲን በሪ ሸዋ በር፣ አሱም በሪ ደግሞ ፈላና በር ይባላሉ። ተማሪዎች ይህን የስም ዝርዝር እንደ ተራ የትርጉም ጉዳይ እንዳትመለከቱት አደራ እላለሁ። በአብዛኛው አንዱ ስም የሌላው ትርጉም አይደለም። ኤረር በር ሲባል ከበሩ ወጥቶ ወደ ኤረር ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ ያስባል። ሸዋ በር ሲባል መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ ይናገራል፤ ስሙን ያወጣው ከዚያ አቅጣጫ የመጣ ወይም ወደዚያ የሚሄድ ሰው መሆኑን መገመት አያስቸግርም። እያንዳንዱ ስም በአንድ ወገን የቆመ ሰው እይታ ነው። በሩ ግን የሁሉም ነው።

ግንቡ ዘግቶ የሚያስቀር ብቻ እንዳልነበረም የምናውቀው ከእነዚህ በሮች ነው። ሌሊት በሮቹ ተዘግተው ቁልፎቹ ወደ አሚሩ ይወሰዱ እንደነበር ይታወቃል። ጠዋት ሲከፈቱ ግን በዙሪያው የሚኖረው የኦሮሞ፣ የአርጎባና የሶማሌ ሕዝብ እህሉን፣ ቡናውን፣ ከብቱንና ማገዶውን ይዞ ይገባል። የከተማዋ ሕይወት የተንጠለጠለው በዚህ ገቢና ወጪ ላይ ነበር። በግንቡ ሥር የተተዉት ዝቅተኛ ቀዳዳዎችም የሚናገሩት አላቸው። ዝናብ ያወርደዋል፤ ሌሊት ደግሞ ጅብ ይገባባቸዋል። ሐረሪዎች «ዋራባ ኑዱል»፣ የጅብ ቀዳዳ፣ ይሏቸዋል። ጠላትን ለመከላከል በተሠራ ግንብ ውስጥ ለአውሬ መግቢያ የተወች ከተማ፣ ስለ መዝጋትና ስለ መክፈት ከእኛ የተለየ አስተሳሰብ እንደነበራት ልብ ይሏል።

በመቀጠል ወደ ውስጥ እንግባ። 82 መስጊዶች በ48 ሄክታር ውስጥ ሲገኙ፣ አንድ መስጊድ በአማካይ አንድ ሄክታር እንኳ የማይሞላ መሬት ይደርሰዋል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ 102 የቅዱሳን መታሰቢያዎች አሉ። ሐረሪዎች እነዚህን አዋች ይሏቸዋል። «አው» አባት ማለት ነው፤ «አይ» ደግሞ እናት። የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው የከተማዋ ጠባቂ ተደርጎ የሚቆጠረው የአው አባድር መካን ነው። የአሚር ኑር መቃብርም በአረንጓዴ ቀለም በተቀባ ሾጣጣ ጉልላቱ ይታወቃል። ከእናቶቹም መካከል አይ አቢዳ ስሟ የተከበረ ነው። የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል አለበት። የግንቡን ገንቢ አሚር ኑርን ሕዝቡ የሚያስታውሰው እንደ ጦር መሪ ብቻ ሳይሆን እንደ ቅዱስ ነው። ገዥው ወደ ወሊይነት ተሻግሯል፤ መቃብሩም በመንግሥት ሳይሆን በሙሪድ፣ ማለትም በመካኑ አገልጋይ፣ ሲጠበቅ ኖሯል።

ስለ ጠባቂነት ያነሣሁት ሦስተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። በጀጎል ውስጥ ሰፈሮች፣ በከተማው ቋንቋ ቶያዎች፣ ብዙ ጊዜ ስማቸውን የሚወስዱት ከእነዚህ መካኖች ነው። መካኑን የሚያድሰው፣ የሚቀባውና በዓሉን የሚያከብረው የሰፈሩ ሰው ነው። የሐረሪዎች ማኅበራዊ ተቋም የሆነው አፎቻም ሰዎችን በሠርግና በሐዘን እያሰባሰበ ይህን ትስስር ያጠነክረዋል። በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ የሰፈረው የሹዋሊድ በዓል የሚከበረው ከረመዳን በኋላ በሸዋል ወር ለስድስት ቀናት ከሚጾመው ጾም ቀጥሎ ነው፤ የሚከበረውም በእነዚሁ ስፍራዎች ነው። ስለዚህ የሚዳሰሰውን ከማይዳሰሰው ለይተን የምንመዘግበው ለአሠራር ስለሚመቸን እንጂ በሐረር ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። የማይከበርበት መካን ውሎ አድሮ የድንጋይ ክምር ይሆናል።

አሁን ደግሞ ከሁሉም ይልቅ አደጋ ላይ ነው ወደምለው ሕንጻ ልለፍ። እርሱም ጌይ ጋር ነው። ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌይ» ይሏታል፤ ጌይ ጋር ማለት የከተማ ቤት ማለት ነው። ከውጭ ሲታይ ከመንገዱ የሚለየው ከፍ ያለ ግድግዳና አንድ በር ብቻ ነው። ቤቱ ለአላፊ አግዳሚ ምንም አይነግርም። ሀብቱ ሁሉ ከውስጥ ነው።

በአካባቢው ድንጋይና ጭቃ የተሠራው፣ በኖራ የነጣውና በእንጨት ወራጆች የተጣራው ይህ ቤት ዋነኛ ክፍሉ በአምስት መደቦች የተከፋፈለ ነው። መደቡ ነደባ ይባላል። አሚር ነደባ የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት ነው። ጊዲር ነደባ ትልቁ መደብ ሲሆን፣ ቲት ነደባ ትንሹ፣ ሱትሪ ነደባ ስውሩ፣ ገብቲ አሔር ነደባ ደግሞ ከበሩ ኋላ ያለው ነው። አንድ እንግዳ የት እንደሚቀመጥ ማንም ሳይነግረው ከመደቡ ከፍታ ያውቀዋል። በግድግዳው ላይ ለመጻሕፍትና ለዕቃ የተቦረቦሩ መስኮት መሰል ስፍራዎች አሉ፤ ከላይ እስከ ታች ደግሞ ሴቶች የሰፏቸው ስፌቶች ተደርድረው ይሰቀላሉ። በጎን ያለችው ቂርጣት የምትባል ጠባብ ክፍል ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ናት። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል። ቀይነቱ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው የሚል ትውፊት አለ። ትውፊቱ በጽሑፍ ይረጋገጥ አይረጋገጥ ሌላ ጉዳይ ነው። ለእኛ ቁም ነገሩ አንድ ሕዝብ ትልቁን ሽንፈቱን በአደባባይ ማስታወስ ባልቻለበት ዘመን በቤቱ ወለል ላይ አኖረው መባሉ ነው። ሐውልቱ ፈረስ መጋላ ላይ ከመቆሙ እጅግ አስቀድሞ መታሰቢያው በየቤቱ ነበር ማለት ነው።

ወደ ጨለንቆ የሚያደርሰንን የዘመናት ሰንሰለት ባጭሩ ልጥቀስ። ከ1647 ጀምሮ በዓሊ ኢብን ዳውድ የተመሠረተው የአሚሮች ሥርወ መንግሥት ሐረርን ራሷን የቻለች ከተማ አድርጎ ገዛ፤ በራሷ ስም ገንዘብ ትቀርጽ ነበር። በጥር 1855 እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ወደ ከተማይቱ ገብቶ ዐሥር ቀናት ቆይቶ ወጣ። በ1875 በራኡፍ ፓሻ የሚመራ የግብፅ ጦር ከተማዋን ያዘ፤ እስከ 1885ም ቆየ። ግብፆች ከወጡ በኋላ ሥልጣኑ ወደ አሚር ዐብዱላሂ ተመለሰ። ነገር ግን በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ ማለትም በጥር 1887፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር በጨለንቆ የአሚሩን ጦር ድል አደረገ። ራስ ለመባል የበቁት መኰንን ወልደ ሚካኤልም የሐረር ገዥ ሆኑ።

የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው ግብፆች ያሠሩት መስጊድ በነበረበት ስፍራ ላይ ነው። ይህን እውነት አንዳንዶች ላለመናገር ይመርጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከዚህ ሌላ እንዲነገር አይፈልጉም። የታሪክ ምሁር ከሁለቱም ጋር ሊቆም አይችልም። መስጊዱ የከተማው ሕዝብ ያሠራው ሳይሆን የአንድ ወራሪ ኃይል ሥራ እንደነበረ መናገር አለበት። በስፍራው ቤተ ክርስቲያን መተከሉም የድል አድራጊነት መግለጫ እንደነበረ መናገር አለበት። ከዚያም ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ በዚያ ቤተ ክርስቲያን የተጠመቁ፣ የተጋቡና የተቀበሩ ሐረር የተወለዱ ክርስቲያኖች መኖራቸውን መናገር አለበት። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሕንጻው ይዋሻል። በኢስታንቡል ያለው ሐጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ተሠርቶ በ1453 መስጊድ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሙዚየም፣ በ2020 ደግሞ እንደገና መስጊድ መሆኑን ታውቃላችሁ። እንዲህ ያሉ ሕንጻዎች በዓለም ላይ ጥቂት አይደሉም። ልዩነቱ ያለው ነዋሪዎቻቸው የሕንጻውን ሙሉ ዕድሜ ለመናገር በሚኖራቸው ድፍረት ላይ ነው።

ከ1887 በኋላ የተከፈተው ስድስተኛው በር፣ ዛሬ ሐረር በር የምንለው፣ የከተማዋን አቅጣጫ ለውጧል። ከዚህ በር ተነሥቶ ወደ ፈረስ መጋላ የሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለና ሰፊ ነው። ከጥንታዊዎቹ መንገዶች ጋር ስታነጻጽሩት ሁለት ዓይነት የመንግሥት አስተሳሰብ ታያላችሁ፤ አንዱ ከቤት ወደ ቤት የሚያደርስ፣ ሌላው ከበር ወደ አደባባይ የሚያደርስ። በአሁኑ ጊዜ በከተማዋ የሚገባ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በዚህ በታናሹ በር ነው፤ ከታላላቆቹ አምስት በሮች ጋር የሚተዋወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚሁ ዘመን የሕንድ ነጋዴዎች ወደ ሐረር መጡ። ሱቃቸው ወደ መንገድ የተከፈተ፣ ፎቅ ያላቸውና የእንጨት ሰገነት የተደረገላቸው ቤቶችን ሠሩ። ጌይ ጋር ፊቱን ወደ ውስጥ ሲያዞር የሕንዶቹ ቤት ወደ ውጭ ያያል። እንዲህ ያለውን ቤት በዛንዚባር የድንጋይ ከተማም ታገኙታላችሁ፤ የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ያስተሳሰራቸው ከተሞች ናቸውና። ቆየት ብሎም ሐረሪዎች ከሁለቱ የተዋሐደ ሦስተኛ ዓይነት ቤት ሠሩ። ከታች ጌይ ጋር፣ ከላይ ሰገነት። ይህ ውሕደት የማንም ትእዛዝ ሳይኖርበት በአናጢና በግንበኛ እጅ የተፈጸመ በመሆኑ ከብዙ የመንግሥት ስምምነት ይልቅ የጸና ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከሕንዶቹ ቤቶች ሁለቱ ዝነኛ ናቸው። አንደኛው የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ነው። የኋላው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከእቴጌ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን እንዳሳለፉበት ይነገራል። ዛሬ በአብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የግል ጥረት የተሰበሰቡት የብራና ጽሑፎች፣ ገንዘቦች፣ ጌጣጌጦችና የቆዩ የድምፅ ቅጂዎች የሚገኙበት ሙዚየም ሆኗል። ሕንዳዊ ነጋዴ ሠራው፤ ስሙን ከአንድ ልዑል አገኘ፤ አሁን የሐረሪዎችን መዛግብት ይጠብቃል። የሦስቱ ጥያቄዎቼ መልስ በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ሆኖ ማየት ለሚሻ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም።

ሁለተኛው የራምቦ ቤት የሚባለው ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ግጥም መጻፉን ትቶ በታኅሣሥ 1880 በነጋዴነት ወደ ሐረር መጣ። እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 ድረስ ኖረባት። በ1883 ከተማዋን በፎቶግራፍ አንሥቷታል። በመጨረሻም በእግሩ ሕመም ምክንያት በቃሬዛ ተይዞ ወደ ዘይላ ወረደ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ማርሴይ ላይ ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቤት ግን የተሠራው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ሰውየው ሲሞት ቤቱ አልነበረም። እንግዲህ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የሠራውን ቤት ባልኖረበት ሰው ስም እንጠራዋለን።

ይህን ስናገር ለማላገጥ አይደለም። ያ ሐሰተኛ ስም ቤቱን አድኖታል። ስሙ ጎብኚ አመጣለት፤ ጎብኚው እድሳት አመጣለት፤ እድሳቱም የተቀባ ጣሪያውንና ባለ ቀለም መስተዋቱን አቆየልን። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የታዋቂ ሰው ስም ያልደረሰው ቤት ምን ይሆናል? አሮጊት እናት ብቻቸውን የሚኖሩበት፣ ወራጁ የተሰበረ፣ ቀይ አፈሩ የተላጠ ጌይ ጋር ማን ይጎበኘዋል? እንዲህ ያለው ቤት በአንድ ቀን ፈርሶ አይጠፋም። በመጀመሪያ ልጆቹ ተለይተው ሲወጡ ግቢው ይከፈላል። ቀጥሎ ኖራው በሲሚንቶ ይተካል። ጭቃና ድንጋይ እርጥበትን አስገብቶ ሲያስወጣ ኖሯል፤ ሲሚንቶው ግን እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል፤ ግድግዳውም ከውስጥ ይበሰብሳል። ከዚያ ነደባው ለአልጋና ለሶፋ ስፍራ ለመልቀቅ ይፈርሳል። ከውጭ ለሚያየው ቤቱ እንደ ቆመ ነው። ከውስጥ ግን አምስቱ መደቦች፣ ከእነርሱም ጋር ማን የት እንደሚቀመጥ ያስተማረው ሥርዓት ሄዷል። የተቀባ ግድግዳ ብቻ ቢቀረን ቅርስ አለን ልንል አንችልም።

በነገራችን ላይ ጀጎል እስካሁን እንዴት ቆየ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዱ ምክንያት ጥበቃ ሳይሆን መዘንጋት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ሐረርን ወደ ጎን ትቷት አለፈ። ንግዱ ወደ ቆላው ወረደ። አሮጌውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ገንዘብ በጀጎል አልተገኘም። በመጋቢት 1936 የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ፤ በግንቦትም ጦሩ ገባባት። ከዚያ በኋላ የተስፋፋው አዲስ ከተማ በአመዛኙ ከግንቡ ውጭ ነው። ስለዚህ ጀጎልን ለእኛ ያቆየልን ድኽነቷ ጭምር ነበር። ይህ ግን ለወደፊቱ ዋስትና አይሆንም። ዛሬ ገንዘብ አለ፣ ሲሚንቶ አለ፣ የመሥራት ፍላጎትም አለ።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ከዚያ አስቀድሞ ከተማዋ የ2002–2003ን የዩኔስኮ የሰላም ከተማ ሽልማት አግኝታ ነበር። በሀገራችንም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በሥራ ላይ ውሏል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ወደ ጀጎል ገብቶ መንገዶች ተነጥፈዋል፣ የፊት ግድግዳዎች ታድሰዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም ከላይ እንዳየነው የሐረር ቤት ፊት ለፊቱ ከሁሉ ያነሰ ክፍሉ ነው። ፊትን በማሳመር የሚጀምር ሥራ ወደ ውስጥ ካልገባ የጌይ ጋርን ጠባይ ገልብጦ ያስቀረዋል።

በመጨረሻ ከግንቡ ውጭ ስለነበረው አንድ ምልክት ልናገር። የራስ መኰንን የፈረስ ላይ ሐውልት የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መገባደጃ፣ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ በተነሣው ሁከት ሐውልቱ ተጣለ። ከእናንተ መካከል በዚህ የተደሰተም ያዘነም ሊኖር እንደሚችል አውቃለሁ። ሁለታችሁም ስሜታችሁን እንድትተዉ አልጠይቅም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ሐውልት ሲወድቅ ከሥራው ጋር ክርክሩም አብሮ ይወድቃል። ለምን ቆመ? ማን አቆመው? ማን አለቀሰበት? የሚሉት ጥያቄዎች መጠየቂያ ስፍራቸውን ያጣሉ። ባዶ መቀመጫ የሚያስተምረው በጥቂቱ ነው። በአንጻሩ በፈረስ መጋላ ቤተ ክርስቲያኑና የሰማዕታቱ ሐውልት ሁለቱም ስለ ቆሙ፣ አንድ የሐረር ልጅ አባቱን እጁን ይዞ «ይህ ምንድን ነው? ያስ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። አባትየውም ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ሐረሪም ይሁን ኦሮሞ ወይም አማራ፣ ስለ ሁለቱም ለመናገር ይገደዳል። በ1944 የወደመችው የዋርሶ አሮጌ ከተማ እንደገና ተሠርታ በ1980 በዓለም ቅርስነት መመዝገቧ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ያስቻለው ከጥፋቱ በፊት የተሰበሰበው ሥዕልና የልኬት ሰነድ ነበር። ያልተመዘገበ ነገር አንዴ ከጠፋ የሚመልሰው የለም።

ስለዚህ ለእናንተ ለተማሪዎች ሦስት ሥራዎችን በአደራ እሰጣለሁ። አንደኛ፣ ልኬት። ከጌይ ጋሮች አንዱን መርጣችሁ በባለቤቱ ፈቃድ እያንዳንዱን ነደባ በሜትር ለክታችሁ ሣሉ። ሁለተኛ፣ ስም። የአንድን በር፣ የአንድን ሰፈር፣ የአንድን መካን ስም በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ ሰብስቡ፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ ሳይሆን እያንዳንዱ ከየት ሆኖ እንደሚያይ ለማወቅ። ሦስተኛ፣ እጅ። ኖራ የሚያቦካ፣ ወራጅ የሚያነባብር፣ ቀይ አፈር የሚቀባ ባለሙያ በሕይወት ሳለ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። ማኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስታልፉ የመኪኖቹን ድምፅ ትሰማላችሁ፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከዚያ ድምፅ ነው። መኪኖቹ ዝም ያሉ ዕለት ስሙ ትርጉም ያጣል። ሕንጻም እንዲሁ ነው፤ የሚያድሰው እጅና የሚጠራው አፍ ሲጠፋ ይሞታል።

ፈረስ መጋላ ላይ የጀመርሁትን እዚያው ልጨርስ። ያ አደባባይ ያልታረቁ ትዝታዎች ጎን ለጎን የቆሙበት ስፍራ ነው። አለመታረቃቸው አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ አንዳቸው ብቻ ቀርተው ታሪኩን ለብቻቸው የሚናገሩበት ቀን ነው።

 አሁን ለጥያቄዎቻችሁ ዝግጁ ነኝ።